ቤተልሔም፣ ዙር አባና ቆማ

የጋይንትና የእስቴ አድባራት ለኢትዮጵያ ዜማ የዋሉት ውለታ ተነግሮ አያልቅም። ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ በዙር አባ። የእስቴው ቆማም በስሙ የሚጠራ ዜማ አለው። ተማሪው ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ደቃቅ ምልክቶች፣ ድፋቱን፣ ጭረቱን፣ ርክርኩን፣ እየተከተለ ድምፁን ያነሣል፣ ይጥላል። ይህን ዕውቀት መምህራኑ በቁራሽና በትዕግሥት ማቆየታቸው የሚደነቅ ነው።

የቤተልሔም ሕንፃም የጥበብ ሥራ ነው፦ ባለ አራት ማዕዘኑ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በክብ የሣር ክዳን ቤት ተሸፍኖ ኖሯል። ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀው።

ከዜማ ወደ ተውኔት ብንሻገር፣ የጥንት ግሪኮች ተውኔት ለዲዮኒሶስ ከሚቀርብ የኅብረት ዝማሬ እንደ ወጣ ይነገራል። በእነዚህ አድባራት የዝማሬው ሥርዓት፣ ማኅሌቱ፣ ከቤተ መቅደስ አልወጣም፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው፣ ፊት ለፊት የሚቀባበሉት ሁለቱ ረድፎች ግን ድራማዊ ኃይል አላቸው።

የአካባቢው ባህላዊ ስፖርት ደግሞ የገና ጨዋታ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሜዳ ወንዶቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ ይለጋሉ፤ በገና ጨዋታ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም ነበር።