ቤቱን የፈተሸችው እናቴ ናት

ያገለገለ ሞተርሆም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ባለፈው ዓመት የገጠመኝን ላካፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ግን ከብዙ ኪሳራ ያድናችኋል ብዬ ስለማምን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሐሳቡ የመጣው በእናቴ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ ስትመጣ የሼናንዶዋን ተራራ ላሳያት ጓጓሁ። ነገር ግን ጉልበቷን ያማታል፤ መጸዳጃ ቤት ከአጠገቧ መራቅ የለበትም። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ በየመንገዱ ካሉት ምግብ ቤቶች የምትቀምሰው ነገር የለም። አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው መኪና ቢኖረን ሽሮዋን ራሷ እየሠራች አገር ታያለች አልኩ።

የአዲሱ ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ያገለገሉ ወደሚሸጥ ዲለር ሄድን። ዓይኔ ያረፈው በፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ፣ ከጋቢናው በላይ አልጋ ያለው፣ እዚህ «ክላስ ሲ» የሚባለው ዓይነት ላይ ነው። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬን ይዤ ነበር። ሞተሩን አስነሳ፣ ዘይቱን አየ፣ ተንጋሎ ከሥሩ ገባ፣ ነድቶም ሞከረው። «ንጹህ ነው፣ ግዛው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መኪናው ንጹህ ነበር። ቀብድ ልከፍል ካርዴን አወጣሁ።

እናቴን ደግፌ ያስገባኋት ያኔ ነው። ገና በሩ ላይ ቆም ብላ አየሩን አሸተተች። ውስጡ ሽቶ ተረጭቶበታል። «አንተ፣ ይሄ ቤት ያፈሳል» አለችኝ። ልጆቿን ያሳደገችው ክረምት በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው ቀዳዳ ሥር ሳፋ እየደቀነች ነው፤ የሻጋታን ጠረን ሽቶ አይሸፍንባትም። ከጋቢናው በላይ ያለውን ጥግ በጣቷ አሳየችኝ። የግድግዳው ልባስ በጥቂቱ አብጧል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ። ጣቴን ባነሳም ስርጉዱ አልተመለሰም።

ሻጩ «ያገለገለ ነገር እኮ ትንሽ ነገር አያጣውም» አለ። ውሉ ላይ ግን «ባለበት ሁኔታ» የሚል ሐረግ ነበር። ከፈረማችሁ በኋላ ግድግዳው ቢበሰብስ ዕዳው የእናንተ ነው ማለት ነው። ብዙዎቻችን አሜሪካ ውስጥ የተገዛ ነገር ሁሉ በሦስት ቀን ይመለሳል ብለን እናምናለን። የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ የወጣው ሻጭ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ሲሸጥላችሁ ለመሳሰለው ግብይት ነው፤ ዲለሩ ግቢ ውስጥ የፈረማችሁትን ውል አያፈርስላችሁም። አቅማችሁ ያለው ከፊርማው በፊት ነው። ካርዴን ኪሴ መልሼ ወጣን።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ጓደኛዬ መኪናውን ፈተሸ፤ ቤቱን የፈተሸችው እናቴ ናት። ሞተርሆም ደግሞ ከሁሉ በፊት ቤት ነው፤ ቤትን የሚያፈርሰው ውኃ ነው። የጣሪያው ማሸጊያ በፀሐይ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ዝናቡ በስንጥቁ ሾልኮ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ሳይታይ ያበሰብሳል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ እዩ። ጥጎቹን ሁሉ በእጃችሁ ተጫኑ፣ የአልጋውን ሥር ክፈቱ።

ገበያ ወጥቶ በሬ የሚገዛ ሰው ዕድሜውን ከጥርሱ ያውቃል። የጎማ ጥርስ ግን ያታልላል። ሞተርሆም ከሚሄድበት የሚቆምበት ስለሚበዛ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎኑ ላይ በ«ዲ ኦ ቲ» ከሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2316 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፍሪጁ በጋዝ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ስለሚፈጅ ከመድረሳችሁ በፊት እንዲያበሩት ለሻጮቹ ንገሯቸው። ውኃውን አስሞሉና ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቱ። ከዲለሩ ጋር ንክኪ የሌለው የሞተርሆም መርማሪ ቅጠሩ፤ መርማሪ አናስገባም ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ስለ ወር ክፍያ ብቻ ሲያወሯችሁም ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ከሁለት ወር በኋላ ከሌላ ዲለር ገዛን። መርማሪው ቀኑን ሙሉ ሲፈትሸው ዋለ፤ እናቴም ገብታ አሸተተችው። በፍልሰታ 105 ማይል የሚረዝመውን የሼናንዶዋን የስካይላይን ድራይቭ መንገድ ቀስ ብለን ተጓዝንበት፤ ሽሮዋም በመስኮቱ በኩል ለጎረቤት ካምፖች ሸተተ።

በሁለተኛው ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጣሪያው ሲንኳኳ ነቃሁ። እናቴም ነቅታ ኖሮ በጨለማው ውስጥ እጇን ዘርግታ ከራስጌዋ ያለውን ጥግ ቀስ ብላ ዳሰሰች። «ደረቅ ነው» አለችና ነጠላዋን ስባ ተኛች።