ማኅተሙን ይዞ የመጣው ማን ነው?

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ። አንድ ወጣት ፕሮግራመር ቡና ቤት ተቀምጦ ላፕቶፑን እያየ ፈገግ ብሏል። ለአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ተቋም የጻፈው ኮድ ሠራለት። የኮዱ ሥራ የተበዳሪ መረጃ የያዘ ዲጂታል ሰነድ ሲመጣ ፊርማውን ማረጋገጥ ነው። ከሰነዱ ጋር ሰርተፊኬት ተያይዞ ይመጣል። እሱን ከፍቶ በውስጡ ያለውን ፐብሊክ ኪይ፣ ማለትም ማንም ሊያየው የሚችለውን ቁልፍ፣ ማውጣት በፓይተን ሁለት መስመር ነው። ቁልፉ ከፊርማው ጋር ገጠመ። «ትክክል» የሚል ቃል ወጣ።

አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲያስረዳቸው ጥቂት አሰቡና ጠየቁት።

«ልጄ፣ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ሰነዱ ይዞት ከመጣው ቁልፍ ጋር አመሳክሬ ነዋ ጋሼ!»

«ሐሰተኛ ሰነድ የሚያመጣ ሰው ማመሳከሪያውንም ይዞ ቢመጣስ? እኛ የማኅተሙን ናሙና ከካዝና እናወጣለን እንጂ ከባለጉዳይ እጅ አንቀበልም ነበር።»

ወጣቱ ዝም አለ። ማታ ቤቱ ገብቶ የራሱን ሰርተፊኬት በደቂቃዎች ውስጥ ፈበረከ፤ በዓለም ላይ የሌለ ተበዳሪ ፈጥሮም ፈረመለት። ኮዱ አሁንም «ትክክል» አለ።

ስህተቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ሰርተፊኬት ማለት «ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው» ብሎ ሌላ አካል የፈረመበት ምስክርነት ነው። ምስክሩ ካልተጣራ ከውስጡ የወጣው ቁልፍ ተራ ቁጥር ነው። የአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የምስክርነቱን ሥር ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ለዛሬው አስተዳደር፣ የሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ምስክሩ ራሱ ሲደፈር ምን እንደሚከተል ደግሞ የኔዘርላንዱ ዲጂኖታር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሰርጎ ገቦች በስሙ ሐሰተኛ የጎግል ሰርተፊኬት አወጡ፤ በኢራን የሚገኙ ተጠቃሚዎች ተሰለሉበት፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ።

ወጣቱ ኮዱን እንደገና ጻፈው። የሥሩን ሰርተፊኬት አስቀድሞ ከታመነ ምንጭ ተቀብሎ በተቋሙ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠ። አሁን ኮዱ ቁልፉን ከማውጣቱ በፊት ሰርተፊኬቱ እስከዚያ ሥር ድረስ መያያዙን፣ ጊዜው አለማለፉን፣ ለዚህ ሥራ የተፈቀደ መሆኑን ይመረምራል።

አንድ ነገር ግን ቀረ። የተሰረዘ ሰርተፊኬትን ለማወቅ የስረዛው ዝርዝር መታደስ አለበት፤ ለዚያ ኔትወርክ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ባሕር ዳር አትረሳም። ፊርማን ያለ ኢንተርኔት ማረጋገጥ ይቻላል፤ ትናንት የተሰረዘን ቁልፍ ማወቅ ግን አይቻልም። ስለዚህ ዝርዝሩ ከቆየ ኮዱ «ትክክል» አይልም፤ «ሰው ይየው» ይላል። ተበዳሪው ይጉላላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሌለ ሰው ስም የወጣ ብድር ዞሮ ዞሮ የሚቀነሰው ከጉሊት ነጋዴዋ ቁጠባ ላይ ነው።

ፋይዳም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ ብዙ ተቋማት ዲጂታል ማረጋገጫ እያስገቡ ነው። ሲስተም የሚገዛ ሥራ አስኪያጅ ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም። ርክክብ ላይ አንድ ነገር ያዝዝ፦ ባለሙያው የራሱን ሰርተፊኬት ፈብርኮ ለሲስተሙ ይስጠው። ከተቀበለው የመጨረሻውን ክፍያ አይፈርም።