ጳጉሜን የዘነጋው ፕሮግራም

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ አራት የአምቦ ተማሪዎች የዚህን ተረት እውነትነት ያረጋገጥነው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን ነው።

ለመመረቂያችን የሠራነው በሲ ቋንቋ የተጻፈ የወተት መዝገብ ነበር፤ ይኸውም በጊንጪና በጉደር ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በየቀኑ የሚያስረክቡትን ሊትር የሚደምር ነው። ለፈታኞች ሊቀርብ አንድ ሌሊት ሲቀረው የዓመቱን መዝገብ ብንሰጠው መጨረሻው ላይ ደርሶ ወደቀ። የመስከረሙን ብቻ ስንሰጠው ግን ደኅና ነው! ጥፋቱን በየተራ እርስ በርሳችን አሳበብን።

በኋላ ጂዲቢ የተባለውን ስሕተት ፈላጊ በኢማክስ ውስጥ አስነሣነው። ጂዲቢን በ1986 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሪቻርድ ስቶልማን የግኑ ኢማክስም ደራሲ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይሄዳሉ። ሆኖም ኮዱን አሳየን ብንለው «የምልክት ሠንጠረዥ የለም» ብሎ እንቢ አለን። ለካ ፕሮግራሙን ስናጠናቅር «ሰረዝ ጂ» የምትባለውን ትእዛዝ ዘንግተናል፤ ያለ እርሷ ፈላጊው መስመሮቹንም ተለዋዋጮቹንም በስም አያውቅም። ይህን ብናርም ደግሞ በኢማክስ መስኮት መስመሩን የምታመለክተው ቀስት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትዘል ጀመር፤ የጠየቅነውም ዋጋ «ተጨምቆ ጠፍቷል» ተባለ። ይህን ያመጣው ለፍጥነት ብለን ያዘዝነው የማሻሻያ ደረጃ 2 ነበርና ወደ 0 መለስነው።

እንደ ገና ሲወድቅ «ባክትሬስ» አልን። የጥሪዎቹን ሰንሰለት ዘረዘረልን፤ ቀስቷም የወር ስም ከሚታተምበት መስመር ላይ ቆመች። የወሩን ቁጥር ብንጠይቅ 12 አለን። ሲ ከ0 ስለሚቆጥር ይህ 13ኛው ወር ነው። ሠንጠረዡን ከውጭ አገር መጽሐፍ ገልብጠን፣ ሴፕቴምበርን በመስከረም፣ ኦገስትን በነሐሴ ስንተካ ጳጉሜን ረስተናት ኖሯል!

የወር ደመወዝተኛ ጳጉሜን ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ላም ግን በጳጉሜንም ትታለባለች። ፕሮግራሙ በመውደቅ ፈንታ በዝምታ አልፎት ቢሆን ኖሮ የስንቷ እናት የአምስት ቀን ወተት ሳይቆጠር በቀረ! ይህን ስናስብ አፈርን።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሰው መጽሐፍ ስንገለብጥ የአገራችንን አቈጣጠር አንርሳ። ስሕተት ፈላጊው የወደቅንበትን መስመር ያሳየናል፤ ለምን እንደዚያ እንደ ጻፍነው መመርመር ግን የእኛ ፋንታ ነው።