ያልደረስሁበት ቀብር

ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ፣ ሲያትል ለሚፈጸመው የአጎቴ ቀብር ልድረስ ብዬ በዋሽንግተን አውሮፕላን ጣቢያ ጥቁር ለብሼ ተቀምጫለሁ። ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ የሚያደርሰው ያረጀ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተሰናክሎ በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ሁሉ እንዳይነሣ ታገደ፤ እገዳው ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ቢነሣም የእኔ በረራ ተሰረዘ። ዋናውን መዝገብ ከመጠባበቂያው ጋር ሲያስማሙ ፋይሎች በስሕተት መሰረዛቸው ኋላ ተነገረ።

በብዙ መቆጣጠሪያ ማማዎች የበረራው መረጃ ዛሬም በወረቀት ቁራጭ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው። የብራና አገር ልጅ ነኝና ወረቀቱን አልናቅሁትም፤ መብራት ቢጠፋ በሻማ ይነበባል! ያረጀውን መተካት ግን ሰማዩን ዘግቶ አይሆንም፤ አሮጌው እየሠራ አዲሱ ከጎኑ ይተከላል።

በማግስቱ ስደርስ አክስቴ «ምነው ልጄ፣ ቀረህሳ?» አለችኝ። ስለ መዝገቡ ልነግራት ጀምሬ ተውሁት።