አምስት ጣት

የጥቅምት ፀሐይ ጭቃውን ማድረቅ ስትጀምር ከገርጂ ወደ ሰሚት ያለው ሜዳ ኩበት ይለብስ ነበር። የገበሬዎቹ ሚስቶችና ሴቶች ልጆች ትኩሱን እበት በጭድ ለውሰው፣ በመዳፋቸው ጠፍጥፈው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ አንድ ፊቱ ሲደርቅ ይገለብጡታል። ደርቆ ሲነሣ አምስት ጣት ታትሞበት ይቀራል። እኛ ልጆች ከአሻራው ትንሽነት የእኩያችንን ሥራ እንለይ ነበር።

ለክረምት የሚቀመጠው ክምር ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኩበቱን ዙሪያውን ደርድረው አናቱን እንደ ጎጆ ያሾሉታል፤ ዝናብ እንዳያስገባም ላዩን በእበት ይመርጉታል። ሐምሌ ላይ እንጨቱ ሁሉ ሲረጥብ የእናቴ ምጣድ የሚግለው በዚያ ነበር። እናቴ ስትገዛ «ደረቅ ነው፣ እትዬ?» ስትል ሻጯ ሁለቱን አጋጭታ «ስሚው እንጂ፣ እንደ ሸክላ ነው» ትላታለች።

ያ ኑሮ ይመለስ አልልም። ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይን ጎድቷል። እበቱ ምድጃ ሲገባም ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ሌላ ማገዶ ከየት ያመጣል?

የአየርላንድ ገበሬዎች ደግሞ ለማገዶ የረግረጉን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጡ፣ አድርቀው ሲያነዱ ኖረዋል። የቆረጡበት ቦይ ዛሬም በመሬቱ ላይ ይታያል። የእኛዎቹ ግን መሬቱን አልቆፈሩትምና እዚህ ነበሩ የሚል ምልክት አልተረፈላቸውም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኮንዶሚኒየም ገርጂ ላይ ተጀመረ። ቀጥሎ ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ። ገበሬው ካሳ ተቀብሎ ተነሣ፤ የጤፍ ማሳው ፎቅ አበቀለ። እኔም በዕጣ ከደረሳቸው አንዱ ነኝ። መብራት ሲጠፋ በፌስታል ከሰል ገዝተን እናበስላለን። መረሬው አፈር ግን ጠባዩን አልተወም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የግቢያችንን ንጣፍም አብሮ ይሰነጥቀዋል።

ባለፈው ጥቅምት ይህን ስንጥቅ ቆሜ ሳይ የግቢያችን ጥበቃ መጣ። መኪና ማቆሚያውን በእጁ እያሳየ «የእናቴ የኩበት ክምር እዚህ ጋ ነበር» አለኝ። የእነሱ ማሳ ነው ለካ።

ስሙን የጠየቅሁት ያን ዕለት ነው። በየጠዋቱ በር ሲከፍትልኝ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።