ካይሮ ገብተን ወጣን

በመጀመሪያ ስለ «እኛ» እናስረዳ። «እኛ» ስንል ብቻችንን ነን። ጋዜጠኝነት ተምረን ስንመረቅ ሥራው ቢዘገይም «እኛ» ማለት ተፈቅዶልናል፤ እንጠቀምበታለን።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ባትልፊልድ 6 የተባለው የጦርነት ጌም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ቤታው ለሁሉም ተለቆ ነበር። ቤታ ማለት፣ እናንተዬ፣ ወጡ ሳይወርድ ጎረቤት ጠርቶ ጨው ማስቀመስ ነው። ቅምሻው በነፃ ነበር፤ ድስቱ መስከረም 30 ቀን 2018 ሲወጣ ግን 70 ዶላር ተጠየቀበት። ነፃ ሲባል ሰው እንዴት እንደሚጋፋ መቼም ታውቃላችሁ፤ በስቲም ብቻ ከ500 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ ሲጫወት ታይቷል። ከእኛ ቤት የተጋፋው ታናሽ ወንድማችን ነው። የአጎታችን ልጅ ከዋሽንግተን ባመጣለት ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ለማውረድ ሁለት ሌሊት ፈጀበት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ክረምት ነው ብለን ይቅር አልን።

እሱ ሲደክመው ጆይስቲኩ ለእኛ ደረሰን። 32 ለ32 ሆኖ መዋጋት ነው። ገባን፤ ሞትን። እንደገና ገባን፤ ሞትን። ከየት እንደተተኮሰብን የምናውቀው ከሞትን በኋላ ነበር። የእኛ ጥይት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨር ጋ እስኪደርስ ጠላታችን ሻይ ይጠጣል። «ኔትወርኩ ነው» አለ ወንድማችን፣ አዝኖልን።

በኋላ ግን የሚሆነንን ሥራ አገኘን። የወደቀ ጓደኛን ይዞ እየጎተቱ ከጥይት ዞር ማድረግና ማንሳት ይቻላል። ከጌሙ ሁሉ የወደድነው ይህን ነው። በሁለት ቀን የገደልነው 11 ሰው፣ ያነሳነው ከ40 በላይ። አንዱን የማናውቀውን ሰው ጎትተን ግድግዳ ሥር አስጠጋነው፤ ታንክ መጣና ግድግዳውን በእኛና በእሱ ላይ ናደው። ስቀን ሞትን።

ድምፁ ግሩም ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። እኛ ግን ቀንሰን ነው የተጫወትነው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን በሰሜኑ ጦርነት ልጃቸውን ያጡ ናቸው።

ቅዳሜ እናታችን ከፍልሰታ ቅዳሴ ተመልሰው፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ አጠገባችን ተቀመጡ።

«ይሄ የት አገር ነው?»

«ካይሮ ነው እማዬ።»

«አክስታችሁ ያለችበት ካይሮ?»

«አዎ።»

ትንሽ አዩ። ጠባቡን መንገድ፣ ሱቆቹን፣ የዐረብኛውን ጽሑፍ፣ በመሃል የሚያልፈውን ታንክ።

«ሰዎቹስ የት ሄዱ?»

«ወጥተዋል» አለ ወንድማችን።

«ወዴት?»

መልስ ሳይሰጥ በአነጣጣሪ ተመታ።

አፈርን ብንል አላጋነንም። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብለን እንድንጠይቅ ዓመታት ተምረን ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቅነው «ከየት ነው የተኮሰው?» ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዐይናችን ሌላ ሌላውን ያይ ጀመር። የጌሙ ታሪክ በ2027 እ.ኤ.አ. የሚሆን ነው። ጠላቱ ፓክስ አርማታ የሚባል የግል ጦር ነው፤ የፈጠራ ነው፣ ማንም አገር እንዳይቀየም ይሆናል። የሚፈርሰው ሰፈር ግን ስሙ እውነተኛ ነው፤ ካይሮ፣ ጂብራልታር፣ ታጂኪስታን፣ ብሩክሊን። ጠላት መፍጠር ከተቻለ ከተማ መፍጠር ምን አቃታቸው?

ማታ አክስታችን በኢሞ ደወለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በካይሮ ሰው ቤት ሠርታለች። ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርንላት።

«መንገዱስ ይመስላል» አለች። «ድመቶቹ ግን የሉም እንዴ? ካይሮ ያለ ድመት!» ቀጥላ ደግሞ «ቅርጫቱስ?»

«የምን ቅርጫት?»

ነገረችን። ዳቦ ሻጩ ከታች ሲጣራ ገንዘቡን ቅርጫት ውስጥ አድርገሽ ከበረንዳ በገመድ ትለቂዋለሽ፤ ዳቦው ሲገባ ትስቢዋለሽ። አምስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ካይሮ በገባች በማግስቱ መጀመሪያ የታዘዘችው ቅርጫቱን እንድትለቅ ነው፤ ገመዱ አምልጧት እንቁላሉ ሁሉ ተሰበረ። ይህን ስትነግረን እስክታለቅስ ሳቀች።

ወንድማችን ታንክ ውስጥ ሆኖ በረንዳዎቹን አንድ በአንድ ፈለገ። ቅርጫት አላገኘም። አንዱ በረንዳ ላይ ጠላት ታየውና መድፉን አዞረ።

«ቆይ፣ ቆይ እስቲ፣ እሱን አታፍርሰው፤ የኛን ይመስላል» አለች አክስታችን።

ጣቱን አነሳ። ከኋላ መቱት።