ከአራቱ አንዷ

ስለ ፍቅርና ስለ ሞት በሚጻፍበት በዚህ መጽሔት ስለ ቲማቲም እንጽፋለን ብለን ስንነሳ የዶርም ጓደኞቻችን ሳቁብን። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪንና ቲማቲምን ምን አገናኛቸው? ለእርሻ ኮሌጆች ተዉላቸው እንጂ!» አሉን። ያን ጊዜ መልስ አጥተን ዝም አልን። አሁን መልሱን በጽሑፍ ይዘን ቀርበናል።

እኛ ስንል ሁለት ነን፤ ታላቅና ታናሽ፣ የአንድ እናት ልጆች። አገራችን አዊ ነው፤ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም። ዙሪያዋ የድንችና የገብስ አገር ነው፤ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ብዙው ማሳ ለዲከረንስ ለቋል። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለመቆረጥ ይደርሳል፣ ከሰል ይሆናል፣ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። የእኛም ደብተርና ጫማ የተገዛው በከሰል ገንዘብ ነውና ዛፉን ልናማው አንችልም። ብቻ መሬታችን ዛፍ ለብሶ፣ ለጓሮ አትክልት የቀረችን ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለች፣ አንድ ቁርበት የምታህል ቦታ ነበረች።

በ2014 ክረምት አዲስ አበባ ከአንድ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ሁለት የቲማቲም ፍሬ ለምነን አመጣን። እናቲቱ በቀለም ጣሳ የተተከለች ድንክ ነበረች፤ ቁመቷ ከክንድ አይበልጥም፣ ፍሬዋ የወይን ፍሬ ያህላል። ቦታ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ዘሯን ግማሹን አስቀምጠን ግማሹን በጣሳ ዘራን። ነሐሴ ሳይጋመስ ቅጠሏ እሳት እንደነካው ጠቁሮ አለቀች። ያው የድንቹ በሽታ ነው። ድንችና ቲማቲም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና አንዱን የሚገድል ሌላውን አይምርም። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን በረሃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። እርጥበትና ቅዝቃዜ ይወዳል፤ አዲስ ቅዳም ደግሞ በክረምት ሁለቱንም አትነፍገውም።

ከአጥሩ ላይ ግን ሌላ ቲማቲም ነበረች። ማንም ሳይተክላት ከማድ ቤት እጣቢ የበቀለች፣ እንደ ሐረግ የምትንጠላጠል፣ ፍሬዋ ትንንሽ። እሷ ቅጠሏ እየተነካካም ቢሆን እስከ መስከረም አፈራች። «የዚችን እጥረት ከዚያችኛዋ ብርታት ጋር ማገናኘት አይቻልም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ያኔ ተነሣ። ያነሣችው ታናሽ ነበረች።

ጥር 2015 ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። በመላ አገሪቱ ከተፈተነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበረ አንባቢ የሚረሳው አይመስለንም። ከሁለታችን አንዳችን ቀደም ብለን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነበር፤ አንዳችን ከብዙዎቹ ጋር ቀረን። ቤታችን ጸጥ አለ። እናታችን ፈተና የሚባል ነገር ላለማንሳት ስትል ስለ ዝናብና ስለ በርበሬ ዋጋ ብቻ ታወራ ጀመር። የቀረችው ታናሽ ገበያ መውጣት ተወች፤ «ስንት አመጣሽ?» ይሏታላ!

የካቲት ላይ ሁለቱንም ዘሮች ዘራች። ሚያዝያ ላይ አበቡ። የቲማቲም አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ቤት የያዘ፣ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ፣ ለማጋባት የፈለገ ሰው ቀድሞ መድረስ አለበት። አበባዋ ገና ሳትፈካ፣ ቢጫዋ ሳይደምቅ፣ በወረንጦ የወንዴውን ክፍል ዙሪያውን ፈልቅቆ ያወጣል፤ መካከል ላይ ቀጭኗ የሴቴ ዘንግ ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ የሌላኛውን ተክል የደረቀ አበባ ዱቄት በማንኪያ ላይ አራግፎ ጫፏን ያስነካል። ክር ታስሮ ምልክት ይደረጋል። ከስድስቱ አራቱ ረገፉ፤ ሁለቱ ያዙ። ፍሬው ሲበስል ዘሩ ከነጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን እንዲብላላ ተትቶ፣ ታጥቦ፣ በወረቀት ላይ ደረቀ።

መስከረም 2016 ላይ ተዘራ። ወጣ፣ አደገ... ሁሉም ረጅም! አንድ እንኳ ድንክ የለም። መንገድ ተዘግቶ ካምፓስ የቀረነው፣ ስልክ በተገኘ ጊዜ ይህን ሰምተን «በቃ አልሆነም፤ ንቀይው፣ ቦታ አትያዢበት» አልን። ቤት ያለችው «አልነቅልም» አለች። «ለምን?» «አጭሯ አልጠፋችም፤ ተደብቃ ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናዘዝ። ዩኒቨርሲቲ የገባነው የሜንደልን አተር ለፈተና ሸምድደን፣ መልሱን አጥቁረን፣ ውጤት አግኝተንበት ነው። ፈተናውን የወደቅነው ግን ያንኑ አሮጌ የባዮሎጂ መጽሐፍ ከሣጥን አውጥተን፣ ጣሳው አጠገብ ተቀምጠን እንደገና ያነበብነው ነን። ሜንደል ረጅም አተርን ከአጭር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ረጅም ሆነ። እነዚያን ረጃጅሞች ነቅሎ ቢጥላቸው ኖሮ ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ዘራቸውን መልሶ ዘራ፤ በሁለተኛው ትውልድ 787 ረጃጅም፣ 277 አጫጭር ቆጠረ። ከአራቱ አንድ ገደማ። መጽሐፉ ግን የማይነግረን ሌላ ነገር አለ፤ ይህ መነኩሴ የመምህርነት ፈተና እ.ኤ.አ. በ1850 ወድቋል፣ በ1856ም ደግሞ ለመፈተን ሄዶ አልቀናውም። አተሩን ማዳቀል የጀመረው በዚያው በ1856 ነው። ሥራውን በ1866 አሳተመ፤ ዓለም ልብ ያለው ግን እሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነው።

ሚያዝያ 2016 ላይ ከረጃጅሞቹ ዘር ስድሳ ተዘራ። ሃምሳ ሁለቱ በቀሉ። ድንኩ ገና በችግኝነቱ ይታወቃል፤ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና ጭምድድ ያለ ነው። እናታችን ሳትቀር ጎንበስ ብላ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ! ረጃጅሞቹ ለጎረቤት ታደሉ፤ አሥራ አንዱ ጣሳ ጣሳቸውን ያዙ።

አንባቢ «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» ይል ይሆናል። ይሁን። ነገር ግን ክሬግ ለሁሊየር የሚባል አሜሪካዊና ፓትሪና ነስክ ስሞል የምትባል አውስትራሊያዊት፣ ሁለቱም የጓሮ አትክልተኞች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ይህንኑ ጨዋታ ጀምረው፣ ከብዙ በጎ ፈቃደኞች ጋር ከመቶ በላይ ድንክ የቲማቲም ዝርያዎች አውጥተዋል። የአንዱ አገር ክረምት ለሌላው በጋ ነውና ዘር እየተላላኩ በዓመት ሁለት ትውልድ ያሳድጉ ነበር። ወደ አገራችንም እንምጣ። ጤፍ አበባው ከማነሱ የተነሣ በእጅ ሊዳቀል አይችልም ተብሎ ሲታመን፣ ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አበባው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። በዚያ መንገድ፣ ምርታማውን ከነጩ ጋር በማዳቀል ከደብረ ዘይት የምርምር ማእከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ ደረሰ። የአበባን ሰዓት በማለዳ ከመጠበቅ የጀመረ ነገር እንጀራ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ነሐሴ መጣ። ዝናቡም፣ በሽታውም አልቀረ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ጠቆሩ። ሁለቱ ግማሽ በግማሽ ተረፉ። አንዲቷ የታች ቅጠሎቿን ብቻ አጥታ መስከረም ላይ አሥራ አራት ፍሬ ሰጠች። እውነቱን እንናገር፤ ጣዕሟ ኮምጠጥ ያለ ነው። በአንድ ክረምት የተረፈች አንዲት ተክልም በሽታን ቻለች አያሰኝም፤ ዕድል ሊሆን ይችላል። ድንክነቷ ካሁን ወዲያ አይጠፋም፣ የድንክ ከድንክ ልጅ ድንክ ነውና። የቀረው ጠባይዋ እስኪረጋ ግን ገና አምስት ስድስት ትውልድ መዝራትና መምረጥ ይጠይቃል።

ሰው ቲማቲም አይደለም። የወደቀ ሁሉ የተደበቀ ሜንደል ነው ብለን አንሰብክም፤ እንዲህ ያለው ስብከት የወደቀውን አያጽናናውም። 96.7 በመቶ ተማሪ ሲወድቅ ደግሞ ከዘሩ በፊት አፈሩን መመርመር ይገባል። እኛ የምንለው አጭር ነው፤ የመጀመሪያውን ውጤት አይቶ «ንቀይው» ያለው አንዳችን፣ ያለፍነው ነበርን። አንዳችን፣ የወደቅነው፣ ልክ ነበርን።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ታናሽ ከእናታችን ጋር ገበያ ወጣች። አንዲት ሴት «አንቺ ልጅ፣ ስንት አመጣሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሥራ አንድ ከሃምሳ ሁለት» አለች።

ሴትዮዋ ደነገጠች። እናታችን ግን ሳቀች፤ ከጥር 2015 ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም። ዘሩ ደርቋል፤ በወረቀት ተቋጥሮ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ጭስ ከማያገኘው ጥግ ተሰቅሏል። የካቲት ላይ ይዘራል። ጣሳ ያላችሁ ጓዶች፣ ንገሩን፤ ዘር እናካፍላለን።